ሕፃናቱን አትከልክሏቸው፦ ልጆቻችን፣ የካቶሊክ ትምህርት ቤትና የእኛ ድርሻ

የሚነበቡ ክፍሎች፦ ማርቆስ 10፥13-16፤ ማርቆስ 9፥38-40፤ ዘዳግም 6፥4-9፤ 2ኛ ጢሞቴዎስ 1፥3-5

(ትምህርቱን ከመጀመራችሁ በፊት ክፍሎቹን ከመጽሐፍ ቅዱሳችሁ አውጥታችሁ አንብቡ። ማንበብ የማይችል ካለ አጠገቡ ያለው ጮክ ብሎ ያንብብለት። እዚህ የተጻፉት ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)



ትምህርት ሊከፈት ሲል በየቤቱ የሚነሣ ጥያቄ አለ። «ልጁን ካቶሊኮቹ ጋ እናስገባው ወይስ ይቅርበት?» ይባላል። አንዱ «ትምህርታቸው ጥሩ ነው፣ ሥነ ሥርዓትም ያስይዛሉ» ይላል። ሌላው ደግሞ «ትምህርቱስ ይሁን፤ ግን አማትብ እያሉ፣ የማርያምን ጸሎት እያስደገሙ ልጄን ይወስዱብኛል» ይላል። እኛ ስንከራከር ልጁ ቤት ይቀመጣል፤ ዓመቱም ያልፋል። ካምፕ ውስጥ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ወጣት ምን እንደሚገጥመው ለእናንተ አይነገርም። ጫቱ አለ፣ ቁማሩ አለ፣ አንድ ሌሊት ደላላ ተከትሎ መጥፋትም አለ።

ስለዚህ ይህ ጥያቄ የልጅ ነፍስ ጉዳይ ነው፤ የልጅ እንጀራም ጉዳይ ነው። በወሬና በፍርሃት ከምንወስነው በእግዚአብሔር ቃል ፊት እናስቀምጠው።

1. ደቀ መዛሙርቱ ለምን ከለከሉ?

በማርቆስ 10 ላይ ሰዎች ሕፃናትን ወደ ጌታ ያመጣሉ። እጁን እንዲጭንባቸው ነው የፈለጉት። ደቀ መዛሙርቱ ግን ያመጡዋቸውን ገሠጹ። ልብ በሉ፤ ደቀ መዛሙርቱ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ለጌታ ያሰቡ መስሏቸው ነው። ጌታችን ሥራ ይበዛበታል፣ ሕፃን ይረብሻል፣ ትልቅ ሰው ነው መቅረብ ያለበት ብለው ይሆናል።

ኢየሱስ ይህን ሲያይ ተቆጣ። በወንጌል ውስጥ ጌታ የተቆጣበት ቦታ ብዙ አይደለም፤ እዚህ ግን በራሱ ደቀ መዛሙርት ላይ ተቆጣ። ከዚያ ምን አደረገ? ሕፃናቱን አቀፋቸው፣ እጁን ጫነባቸው፣ ባረካቸው። ስለ ልጆች ትምህርት ሰጥቶ አላበቃም፤ ልጆቹ እቅፉ ውስጥ ገቡ።

እንግዲህ ራሳችንን የምንጠይቀው ይህን ነው። እኛ ልጆችን ወደ ጌታ ከሚያመጡት ወገን ነን ወይስ በር ላይ ቆመው ከሚመልሱት?

2. በዱላ የተባረረው ልጅ

በካኩማ ዶን ቦስኮ የሚለውን ስም የማያውቅ የለም። ከመቀሌ፣ ከዝዋይ ወይም ከዲላ የመጣችሁም እዚያው አገር ቤት ታውቁታላችሁ። ግን ሰውየው ማን ነበር?

ዮሐንስ ቦስኮ የጣሊያን ገበሬ ልጅ ነው። በ1815 ተወለደ። ሁለት ዓመት ሳይሞላው አባቱ ሞተበት፤ እናቱ ማርጋሪታ በድህነት አሳደገችው። በ1841 ካህን ሆነ። ዶን ማለት በጣሊያንኛ ለካህን የሚሰጥ የክብር መጠሪያ ነው፤ እኛ አባ እንደምንለው።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር 8 ቀን ቱሪን በምትባል ከተማ፣ በቅዱስ ፍራንቸስኮስ ቤተ ክርስቲያን ሊቀድስ ልብሰ ተክህኖውን ይለብሳል። አንድ ወጣት ብርዱን ሸሽቶ ይሁን ጠፍቶበት ወደ ዕቃ ቤቱ ገባ። የዕቃ ቤቱ ሠራተኛ «ና ቅዳሴ አግዝ» አለው። ልጁ አልችልም አለ። ሠራተኛው ተናደደ፤ የአቧራ ማራገፊያውን እንጨት አንሥቶ እየመታ አባረረው። ዶን ቦስኮ ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ ለምን ትመታዋለህ፣ እሱ እኮ ወዳጄ ነው፣ አሁኑኑ ጥራልኝ አለ።

ወዳጄ ያለው ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቀውን ልጅ ነው።

ልጁ እየፈራ ተመለሰ። ስሙ በርተሎሜዎስ ነበር፤ 16 ዓመቱ ነው፤ አባትም እናትም የሉትም። ማንበብ አይችልም፣ መጻፍም አይችልም። ጸሎትም ጠፍቶበታል። ለምን የሃይማኖት ትምህርት አትማርም ሲባል፣ ትንንሾቹ ልጆች ከእኔ በላይ ያውቃሉ፣ ከእነሱ ጋር መቀመጥ ያሳፍረኛል የሚል ነበር መልሱ። ዶን ቦስኮ ብቻህን ላስተምርህ አለው፤ የዚያኑ ቀን ከቅዳሴ በኋላ ጀመሩ። በሚቀጥለው እሑድ ልጁ ሌሎችን ይዞ መጣ። ዛሬ በብዙ አገር ያሉት የዶን ቦስኮ ትምህርት ቤቶች መጀመሪያቸውን ከዚያች ቀን ይቆጥራሉ።

አያችሁ? ሠራተኛው ልክ እንደ ደቀ መዛሙርቱ ለቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተቆርቁሮ ነበር። ልጁ ግን በዚያ በር ቢወጣ ኖሮ ላይመለስ ይችል ነበር።

3. ቦታ ያጣ ትምህርት ቤት

የልጆቹ ቁጥር ሲበዛ የሚሰበሰቡበት ቦታ ጠፋ። አንድ ቦታ ይሄዳሉ፣ ጎረቤት «ጩኸታቸው አስቸገረን» ብሎ ይከሳል፣ ይባረራሉ። ወፍጮ ቤት አካባቢ ሞከሩ፣ ተባረሩ። ቤት ተከራዩ፣ ተባረሩ። ሜዳ ተከራዩ፣ ከሜዳውም ውጡ ተባሉ። መጨረሻ ላይ በ1846 በትንሣኤ በዓል ቀን ዝቅ ያለች ዳስ አገኙ። ጣሪያዋ አጭር ስለነበረ ሰው ቆሞ እንዲሄድባት ወለሉን ቆፍረው ዝቅ አደረጉት። ያቺ ዳስ ቤተ ክርስቲያናቸው ሆነች።

እኛ በቆርቆሮና በጭቃ ቤት የምናመልክ ሰዎች ይህን ስንሰማ ባዕድ አይሆንብንም።

ዶን ቦስኮ ልጆቹን ጸሎት ብቻ አስተምሮ አልሸኛቸውም። ብዙዎቹ ከገጠር መጥተው የቀን ሥራ የሚሠሩ ነበሩና አሠሪዎቻቸውን እየዞረ አነጋገረ። ከ1850 ወዲህ ባሉት ዓመታት ከአሠሪዎች ጋር በጽሑፍ ውል ያስገባ ነበር። ከውሎቹ አንዱ የአናጢነት ለማጅ ስለሆነ ልጅ ነው። አሠሪው ልጁን በቃል እንጂ በዱላ እንዳያርም፣ በበዓል ቀን እንዲያሳርፈው፣ ሙያውንም በትክክል እንዲያስተምረው ያስገድዳል። ከ1853 ጀምሮ ደግሞ በራሱ ግቢ የጫማና የልብስ ስፌት፣ ቀጥሎም የመጽሐፍ ጥረዛ፣ የአናጢነት፣ የኅትመትና የብረት ሥራ ከፈተ።

ይህ ለምን ይጠቅመናል? ለእሱ የልጁ ጸሎትና የልጁ እንጀራ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አልነበሩም። እሱ ያቋቋመው የሳሌዥያን ማኅበር ዛሬ እዚሁ ካኩማ ግንበኝነት፣ አናጢነት፣ ብየዳ፣ ኤሌክትሪክና ልብስ ስፌት ያስተምራል። ደቡብ ሱዳናዊው፣ ሶማሌው፣ ኮንጎው፣ ኢትዮጵያዊው፣ የአገሩ ሰው ቱርካናውም አብሮ ይማራል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ መዶሻ ይቀባበላል።

4. ቀኑን ሙሉ ከልጁ ጋር ያለው ማን ነው?

አሁን ወደ ትምህርት ቤቱ ውስጥ እንግባ። በካቶሊክ ትምህርት ቤት ቀኑ በጸሎት ይጀመራል። ልጆቹ ሰልፍ ላይ ይቆማሉ፣ ያማትባሉ፣ አባታችን ሆይ ይላሉ። ከምግብ በፊት ይጸለያል። በተወሰኑ ቀናትና በበዓላት ቅዳሴ ይኖራል። በዶን ቦስኮ ቤቶች ደግሞ አንድ ሰው ለተሰበሰቡት ልጆች ለጥቂት ደቂቃ ምክር ይሰጣል። ረጅም ስብከት አይደለም፤ አንድ ነገር ብቻ ተናግሮ ይቀመጣል። ልጅ የሚይዘው እንዲህ ያለውን ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሜዳው ላይ የሚሆነው ነው። ዶን ቦስኮ መምህራኑን በዕረፍት ሰዓት ከልጆቹ መካከል እንዳይጠፉ ያዝዝ ነበር። ኳስ ሲጫወቱ አብረው ይጫወቱ፣ ያዘነ ልጅ ሲያዩ ቀርበው ይጠይቁ ነበር። ልጁ ካጠፋ በኋላ ከመቅጣት ሳያጠፋ አብሮት መሆን ይሻላል ብሎ ያምን ነበር። የአሠራሩን መሠረት ሦስት አድርጎ አስተምሯል፦ ልጁ በሚገባው ምክንያት መናገር፣ እምነት፣ እና ፍቅር። እንደ ሦስት ጉልቻ ናቸው፤ አንዱ ከወጣ ድስቱ ይደፋል። ምክንያትና እምነት ኖሮ ፍቅር ከሌለ ልጁ ይፈራል እንጂ አያምንም። ስለ ፍቅርም አንድ ነገር አጥብቆ ይናገር ነበር፤ ልጅን መውደድ ብቻ አይበቃም፣ ልጁ ራሱ መወደዱ ሊገባው ይገባል የሚል።

ብዙዎቻችን በኩርኩምና በአለንጋ ነው ያደግነው። አባቶቻችን አልወደዱንም አይባልም፤ ወደውናል። ግን መወደዳችንን ያወቅነው ስንቶቻችን ነን?

የዚያ ቤት ልጆች ያመኑት ነገር የታየው በችግር ቀን ነው። በ1854 ቱሪን ላይ ኮሌራ ገባ። ሰው የገዛ ዘመዱን እየፈራ ሲሸሽ ከዶን ቦስኮ ልጆች ብዙዎቹ በሽተኛ ለማስታመም በፈቃዳቸው ወጡ። ኮሌራ ምን እንደሆነ ካምፕ ለኖረ ሰው አይነገረውም። ያን ጊዜ ጸሎታቸው ሰልፍ ላይ የሚባል ብቻ እንዳልሆነ ጎረቤት ሁሉ አየ።

5. ስለ ልዩነታችን በግልጽ እንነጋገር

ልዩነት የለም ብዬ አላታልላችሁም። ካቶሊኮች የማርያምን ጸሎት ይጸልያሉ፣ ቅዱሳንን ያማልዱን ይላሉ፣ ጳጳሱ በሮም አላቸው። እኛ ደግሞ በዚህ ጉዳይ የምናምነው ሌላ ነው። ይህን ለልጆቻችን መደበቅ አይገባም።

ነገር ግን ማርቆስ 9፥38-40ን አንብቡ። ዮሐንስ ከእኛ ጋር የማይሄድ ሰው በስምህ አጋንንት ሲያወጣ አይተን ከለከልነው አለ። የከለከሉበት ምክንያት ከእኛ ጋር አይሄድም የሚል ብቻ ነበር። ጌታ ተዉት አለ፤ የማይቃወማቸው ሁሉ ከእነሱ ጋር እንደሆነ ነገራቸው። ይህ የሆነው ሕፃናቱ ከመምጣታቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ደቀ መዛሙርቱ ሁለቴ ከለከሉ፤ ሁለቱንም ጊዜ ጌታ አረማቸው።

«ልጄን በግድ ይለውጡታል» ለሚለው ፍርሃትም መልስ አለ። የካቶሊክ ጳጳሳት በቫቲካን ጉባኤያቸው፣ በ1965፣ ማንም ሰው በእምነት ጉዳይ ሊገደድ አይገባም ብለው በጽሑፍ አውጥተዋል። ቁርባንም ቢሆን የእነሱ አባል ላልሆነ እንደ ደንቡ አይሰጡም። ስለዚህ አንድ ወላጅ በአክብሮት ሄዶ «አባ፣ የኛ እምነት እንዲህ ነው፤ በጸሎት ሰዓት ልጄ ምን ይሁን?» ብሎ ቢጠይቅ የራሳቸው ሕግ ይደግፈዋል።

ልጆቻችሁን እንዲህ ብላችሁ ላኩ፦

ሀ. አባታችን ሆይ ሲባል ጮክ ብለህ ጸልይ፤ ጌታ ለሁላችንም ያስተማረው ነው።

ለ. እኛ የማንጸልየው ጸሎት ሲደርስ በጸጥታ ቁም። አትሳቅ፣ አታጉረምርም፣ ከጎንህ ያለውን ልጅ አትጎንትል።

ሐ. ቅዳሴ ላይ ሰው ለቁርባን ሲነሣ ቦታህ ተቀመጥና ለጓደኞችህ ጸልይ።

መ. የማታውቀው ነገር ከገጠመህ እዚያ አትከራከር። ማታ ቤት መጥተህ ጠይቀን።

የመጨረሻዋ ነጥብ ግን ወደ እኛ ትዞራለች። ልጁ ማታ መጥቶ ሲጠይቅ የሚመልስለት ሰው ቤት አለ ወይ?

6. ማታ በማእድ ቤት

ዘዳግም 6 ላይ እግዚአብሔር ቃሉን ለልጆች የማስተማርን ሥራ ለወላጅ ሰጠ። ጊዜውንም ነገረ፦ ቤት ስትቀመጥ፣ መንገድ ስትሄድ፣ ስትተኛ፣ ስትነሣ። ሁሉም ወላጅ የሚውልበት ሰዓት ነው። መምህር ይህን ሥራ ያግዛል እንጂ ከወላጅ አይረከበውም።

«እኔ አልተማርኩም፣ ምን አስተምራለሁ?» የምትሉ እናቶች የማርጋሪታን ነገር ስሙ። የዶን ቦስኮ እናት ማንበብና መጻፍ አትችልም ነበር። በ1846፣ ወደ 60 ዓመት ስትጠጋ፣ የገጠር ቤቷን ትታ ልጆቹን ልታገለግል ወደ ከተማ መጣች። በዓመቱ በግንቦት ወር፣ ዝናብ በሚዘንብበት ምሽት፣ አንድ 15 ዓመት የሚሆነው ልጅ በስብሶ በራቸውን አንኳኳ። አባት እናት የለውም፤ ሥራ ፍለጋ መጥቶ የያዛት ገንዘብ አልቃበታለች። ከዚያ በፊት ያሳደሯቸው ልጆች ብርድ ልብስ ሰርቀው ጠፍተው ነበር። ቢሆንም ማርጋሪታ እሳት ዳር አስቀመጠችው፣ ሾርባና ዳቦ ሰጠችው፣ ማእድ ቤት ውስጥ በጡብና በሳንቃ አልጋ ሠራችለት። ከመተኛቱ በፊት ስለ ሥራ፣ ስለ ታማኝነትና ስለ እግዚአብሔር ጥቂት ነገር ነገረችው፤ አብረው ጸለዩ። ከዚያ ድስቶቿ እንዳይጠፉ የማእድ ቤቱን በር ቆለፈች!

ሴትየዋ ሞኝ አልነበረችም። እንደ እኛው የተሰረቀች፣ እንደ እኛው የሠጋች ሴት ናት። ግን ቆልፋም ቢሆን አሳደረችው፤ ቃልም ነገረችው። በዶን ቦስኮ ትምህርት ቤቶች ዛሬ ለልጆች የሚሰጠው ያ አጭር ምክር የተጀመረው ከእሷ ነው። ማንበብ የማትችል እናት ማእድ ቤት ውስጥ የተናገረችው በተማሩ ካህናት እየተደገመ ይኖራል።

መጽሐፍ ቅዱሳችንም ይህንኑ ያሳየናል። ጳውሎስ በጢሞቴዎስ ላይ ያየውን እምነት አስቀድሞ በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ እንደነበረ ይጽፋል። አባቱ ግሪካዊ ነበር፤ ቤቱ ድብልቅ ነበር። ቢሆንም የሁለት ሴቶች እምነት ልጁን አጸናው።

እንግዲህ ልጃችሁ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ስለገባ እምነቱን አያጣም። ልጅ እምነት የሚይዘው ቀን ከቀን ከሚያየው ሰው ነው። እዚያ ቀኑን ሙሉ የሚወደው መምህር ኖሮ ቤት ግን የሚያየው ሰው ከሌለ፣ ልቡ ወደ መምህሩ ቢሄድ ማን ይወቀሳል? «ወሰዱብኝ» ከማለታችን በፊት አብረነው እንሁን።

7. ቤተ ክርስቲያናችን ምን ታድርግ?

እሑድ ጠዋት ልጆቹን መዝሙር አስጠንተን እንሸኛለን። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ግን ማን አያቸው? ገንዘብ የማይጠይቁ ሦስት ነገሮች እንጀምር። አንደኛ፣ ከወጣቶቻችን ሁለት ሁለት እየሆኑ ከሰዓት በኋላ ልጆቹ በሚጫወቱበት ሜዳ ይገኙ። ሊሰብኩ አይሂዱ፤ ስማቸውን ይወቁ፣ አብረው ይጫወቱ። ሁለተኛ፣ በየቤታችን ከመተኛታችን በፊት አምስት ደቂቃ ለልጆች ይሰጥ፦ አንድ ቃል፣ አንድ ጥያቄ፣ አንድ ጸሎት። መብራት ባይኖርም በጨለማ ይቻላል። ሦስተኛ፣ ወላጅ የሌላቸውና ብቻቸውን የመጡ ልጆች በየብሎካችን አሉ። እነሱን የሚጠራ፣ ወዳጄ የሚል ቤተ ሰብ በስም ይመደብ።

ለውይይት

1. በእኛ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ልጆችን የሚመልስ ነገር ምንድን ነው? ልብሳቸው? ቋንቋቸው? ጩኸታቸው? ወይስ የእኛ ፊት?

2. በዚህ ሳምንት ከልጅህ ወይም ከልጅሽ ጋር ሳትቆጡ የተነጋገራችሁት ስንት ጊዜ ነው?

3. በብሎካችሁ ትምህርት ያቆመ ወጣት ማን አለ? ማን ሄዶ ያነጋግረዋል? መቼ?

ጸሎት

ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ ሕፃናትን ያቀፍክ አንተ ነህ። በር ላይ ቆመን የመለስናቸውን ይቅር በለን። ልጆቻችንን ውለው በሚመጡበት ትምህርት ቤት ጠብቃቸው፤ መምህሮቻቸውንም ባርካቸው። እኛ ወላጆች ደክመናል፣ ራሽኑ፣ ወረፋው፣ ሐሳቡ አድክሞናል፤ ማታ ማታ ለልጆቻችን የምንናገራትን ቃል አንተ በአፋችን አኑር። አባትና እናት የሌላቸውን አስበን። በስምህ ለምነናል፤ አሜን።

ጌታ ይባርካችሁ።